መብራቱን ያሸው እጅ

ፌጦ ሲሸተኝ እጄ ሳላዘው ይጨበጣል።

ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ በተከራየሁበት ግቢ የአከራዬን ልጅ ሆዱን ቆረጠው። እናቱ ፌጦ ወቅጣ፣ በሎሚ ለውሳ በማንኪያ ስታቀርብለት ሽታው በመስኮቴ ገባ። ወጥቼ «ሐኪም ቤት ውሰጂው» አልኳት። «ምን ነካህ ኪሮስ? ጥሬ ሽምብራ ሲቆረጥም ውሎ ነው እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። ልጁም ብዙ ሳይቆይ ተሻለውና ኳስ ሊጫወት ሮጠ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ያ ሽታ ወደ ሰባተኛ ክፍል ይመልሰኛል። ወደ ወንድሜ ወደ መብራቱ፣ ከዚያም ወደ አያ ወልዱ። የልጅነት ትዝታ ሲባል ሰው የሚናፍቀውን ብቻ ይመስለዋል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። የምናፍቀውና የምጠላው አንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ፤ ልለያቸው ሞክሬ አልተለያዩም።

ልጅነቴን ሳስብ ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል። ቤታችን ሰቆጣ ዙሪያ ነው። ጠዋት ከከተማ የተነሣ እግረኛ ለምሳ ይደርስበታል። መብራቱ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ማለቴ ይበልጠኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከሦስት የመንደራችን ልጆች ጋር ሰቆጣ አንድ ክፍል ተከራይተው ይማሩ ነበር። ዓርብ ዓርብ ስንቅ ሊወስድ ይመጣል። እናቴ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ሽሮውን በየከረጢቱ ቋጥራ ትጠብቀዋለች። እኔ ከቤታችን በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ። ቦርሳው በርበሬና ወረቀት፣ በርበሬና ወረቀት ይሸታል። የደብተሮቹ ጠርዝ ሁሉ ሽሮ ነክቶት ቢጫ ነበር።

ባዶ እጁን ግን መጥቶ አያውቅም። በሳምንቱ የተማረውን ለእኔ ያመጣልኛል። ሐኪም መሆን ይፈልግ ነበር። ይህን ለአባቴ አልነገረውም፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ከትምህርቱ ሁሉ ባዮሎጂ ይወዳል፤ ከባዮሎጂውም ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ምናልባት ሳምንቱን ሙሉ በቁራሽ ድርቆሽ የሚያድር ተማሪ፣ ያቺ ቁራሽ የት እንደምትደርስ ማወቅ አምሮት ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ የገብስ ቂጣ ቆርሶ አጎረሰኝና «እንዳትውጥ» አለኝ። «አኝክ። አሁንም አኝክ። ብትውጥ ኩርኩም ነው!» መንጋጋዬ ዛለ። ቂጣው መጀመሪያ ገብስ ገብስ አለኝ፤ ቀጥሎ ምንም ምንም አላለኝም፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጣፈጠኝ። ስኳር የነሰነሰበት ይመስል! ዓይኔ ሲፈጥ አይቶ ሳቀብኝ። ስኳሩን ያመጣው የራሴ ምራቅ እንደሆነ፣ ምራቅ ቂጣውን እየቆራረጠ ወደ ስኳር መለወጥ እንደሚጀምር ነገረኝ። መፈጨት ሆድ ውስጥ የሚጀምር ይመስለን ነበር፤ ለካ አፍ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እናቴ ቂጣ በሰጠችኝ ቁጥር እያኘክሁ እቀመጥ ነበር። በመጨረሻ «ይህ ልጅ ያመነዥግ ጀመር እንዴ!» ብላ ጠረጴዛውን በማማሰያ መታችው።

በዚያ ዓመት ለገና አባቴ ፍየል ገዛ። ያረዱልን አያ ወልዱ ናቸው። በመንደራችን የሚያርዱም፣ ሥጋ የሚመድቡም፣ ወለም ያለውን የሚመልሱም፣ የታመመ ሆድ የሚያሹም እሳቸው ነበሩ። እጃቸው ሰፊ ነው። ሰው ሲጨብጡ የሰውየው እጅ ውስጥ ይጠፋል። አንቱ ማለቴ አይግረማችሁ። እናቴ ታላቅ ሰው አንቱ እንዲባል ነው ያሳደገችኝ፤ ስጠላቸውም በአንቱታ ነው የምጠላቸው።

ለውሻ ሊጣል የነበረውን አንጀት መብራቱ ለምኖ ወሰደ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ ተመልሶ እስከ ደጃፉ እያመላለሰ ዘረጋው። ውሻችን ዳር ቆሞ ምራቁን ያዝረበርባል። እናቴ «የታረደ ፍየል መሬት ላይ የሚለካ የት አገር አለ!» እያለች ትጮሃለች። መብራቱ አልሰማትም። የፍየል አንጀት የረዘመው ሣር ለመፍጨት ብዙ መንገድ ስለሚያስፈልግ ነው አለኝ። የሰው ትንሹ አንጀት ስድስት ሰባት ሜትር ቢሆን ነው። ጨጓራውን ገልብጦ በጣቴ አስዳሰሰኝ፤ እንደ ፎጣ ሻካራ ነበር። የእኛ ትንሹ አንጀትም ውስጡ እንደዚህ ያለ ፀጉር የሚመስል ነገር እንዳለው፣ ግን በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ደቃቅ እንደሆነ ነገረኝ። የምንበላው ጨጓራ ውስጥ በአሲድ ይቀጥናል። ሐሞት ቅባቱን እንደ ሳሙና ይበታትነዋል። ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ የቀረውን ይቆራርጠዋል። መጨረሻ ላይ ከዱቄት የደቀቀ ይሆንና በእነዚያ ፀጉሮች በኩል ወደ ደም ይገባል። ደሙ ይዞት በቀጥታ ጉበት ዘንድ ይሄዳል። «ጉበት ኬላ ማለት ነው» አለኝ። «ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም።» ትልቁ አንጀት ደግሞ የተረፈውን ውሃ መጥጦ ቀሪውን ይሸኛል። ክንዴን ቆንጠጥ አድርጎ «ይህ የአምናው ቂጣ ነው» አለኝ።

ከዚያ አንጀቱን መሐል ላይ ይዞ ጠመዘዘው። እንደዚህ ከታጠፈ ምግቡ ማለፍ ብቻ አይደለም የሚያቆመው፤ ደም ሥሩም አብሮ ይጠመዘዛል፤ ደም ያልደረሰው አንጀት ደግሞ ይሞታል አለ። አያ ወልዱ ቢላቸውን ሲጠርጉ ሰሙ።

«አንጀት የታጠፈ እንደሆነ ይህ እጅ ይመልሰዋል» አሉ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩን።

«አያ፣ እሱ በእጅ የሚመለስ አይደለም። ቀዶ ጥገና ነው የሚፈልገው» አለ መብራቱ ጎንበስ ብሎ።

«ሰማህ ይህን!» አሉ ለአባቴ። «ትናንት ፊደል ቆጥሮ ዛሬ አንጀት ሊቆጥር! የእኔ እጅ ፊደል ሳይቆጥር ሆድ ሲያነብ ነው የኖረው።»

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነት ለመናገር አባባላቸው ያስቅ ነበር። መብራቱ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ኀምሳ አምስት ቀን መብራቱ ጾመ፤ በሶና ድርቆሽ፣ ሽሮና ድርቆሽ። ቅዳሜ ስዑር ዕለት ሲመጣ ጉንጩ ገብቶ ነበር። በነጋታው ፋሲካ ነው። ባገራችን ጾም ሲፈታ ከሥጋው በፊት ተልባ ይጠጣል፤ የደረቀውን አንጀት ያለሰልሳል ተብሎ ነው። ጠጣን። ከዚያ ዶሮው መጣ፤ ረፈድ ሲል የበግ ጥብሱ መጣ፤ ጠላው መጣ። መብራቱ እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። እናቴ እያየችው «ብላልኝ፣ አንተ ብላልኝ» ትላለች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ መደቡ ላይ ተኛ። ሆዱን ይዞ ነበር። እንግዲህ ይህን ስታነቡ ትፈርዱብን ይሆናል፤ ግን ፋሲካ ዕለት ሆዱን ያልያዘ ማን አለ? ሁለት ወር ሊሞላ ቅባት ያላየ ሆድ በአንድ ጠዋት ሥጋ ሲገባበት ይቆርጣል። የታወቀ ነው፤ ይሳቅበታልም። እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣ ሁሉ ይስቅበት ጀመር። አንዱ «የተማሪ ሆድ ነው፤ ሥጋን ሲያይ ደንግጦ ነው!» ይላል። ሌላው «ተውት፣ በጉ ውስጥ ሆኖ እየወጋው ነው» ይላል። እኔም... እኔም ተናገርኩ። «ጉበት ኬላው ላይ ይዞት ነው፤ ሥጋው መታወቂያ የለውም» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መብራቱም ፈገግ አለልኝ፤ ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ። ያቺን ፈገግታ እስካሁን የማደርጋት ቦታ አላገኘሁላትም።

እናቴ ፌጦ ወቀጠች። ዋጠ፤ መልሶ አስታወከው። ቤቱ ሁሉ ፌጦ ፌጦ ሸተተ። ከሰዓት በኋላ ሆዱ ተነፋ፤ ሲነኩት እንደ ከበሮ ነበር። ጠራኝና ጆሮዬ ላይ «ከጠዋት ጀምሮ አየር እንኳ አላለፈኝም። ታጥፏል መሰለኝ። ለአባዬ ንገረው፤ ሰቆጣ ይውሰዱኝ» አለኝ። ሮጬ ነገርኩት። አባቴ ደጅ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ነበር። ወደ ሰዎቹ አየ፤ ሁሉም ጠላ ይዘዋል። በሽተኛ ወደ ከተማ የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛ ለመሸከም ደግሞ ስምንት ብርቱ ወንድ ይፈልጋል። «በትንሣኤ ቀን ቃሬዛ ከቤቴ ላውጣ?» አለ። «ምን ሟርት ነው? ሂድ፣ አያ ወልዱን ጥራቸው።»

ሄጄ የጠራኋቸውም እኔው ነኝ።

አያ ወልዱ መጡ። እጃቸውን ቅቤ ቀቡ። መብራቱን በጀርባው አስተኝተው ሆዱን ያሹ ጀመር፤ በመዳፋቸው፣ ከዚያ በአውራ ጣታቸው፣ ከዚያ በክርናቸው። ወንድሜ የመደቡን ጨርቅ ነክሶ ነበር። ሲጨርሱ «አንጀቱ ከቦታው ሸሽቷል። ነገ እደግመዋለሁ፤ ይመለሳል» አሉ። ከዚያ ያቺን ቃል ተናገሩ። «ብቻ መርፌ እንዳታስነኩት። ይህ በሽታ መርፌ አይወድም። የተወጋ ዕለት ይሞታል።» አባቴ ራሱን ነቀነቀ። መብራቱ ከመደቡ ሆኖ «ስለ እግዚአብሔር ሰቆጣ ውሰዱኝ» አለ። አያ ወልዱ ግንባሩን ዳበስ አድርገው «አይ የኔ ልጅ፣ ሕመም ነው የሚያስለፈልፍህ» አሉት። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት ደስ ባለኝ። ክፉ አልነበሩም።

ሰኞ ጠዋት ደገሙት። ሰኞ ከምሳ በኋላ ሠለሱት። በሦስተኛው ጊዜ መብራቱ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ሕመሙ ተወው። ፊቱ ተፈታ። «አሁን እንዴት ነው?» ሲሉት «ቀለለኝ» አለ። እናቴ ሮጣ ደጅ ወጣችና እልል አለች፤ ጎረቤት ተቀበላት። ለአያ ወልዱ የእጅ ውሃ ቀረበላቸው፤ ጎድን ተጠበሰላቸው። እኔ ወንድሜ ራስጌ ቁጭ ብያለሁ።

«ምንድን ነው እልልታው?» አለኝ በቀጭን ድምፅ።

«ድነህ ነዋ!»

ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሁን ሳስበው፣ ሕመሙ በድንገት ሲተው ምን ማለት እንደሆነ ያነበበው መጽሐፍ ነግሮት ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ፤ እጁና እግሩ ግን ቀዝቅዘዋል። አባቴ ያን ጊዜ ማንንም አልጠየቀም፤ ራሱ ቃሬዛ አሰረ። ስምንት ሰው እየተቀያየረ ወደ ሰቆጣ ተሸከመው። እኔ የውሃውን ጀሪካን ይዤ ከጎኑ ሮጥሁ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ሐኪም ቤት ስንገባ በሕይወት ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ሸሚዙን ገለጠ። ሆዱ ላይ የጣት ምልክት ነበረ፤ ሰማያዊ፣ አሥር ጣት፣ ቁልጭ ያለ። ባለሙያው ቀና ብሎ አየን። «ማን ነው ያሸው?» አለ።

ትልልቅ ሰዎች መሬት መሬት አዩ። «አያ ወልዱ ናቸው» አልኩት እኔ። እሱ አያ ወልዱን ከየት ያውቃል? ግን ስሙን ጮክ ብዬ ለመጥራት የቸኮልኩት ያኔ ነው። ወንድሜ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

የእኛ አገር ሰው ስለ ደም ያውቃል። ወንድምህን ጥይት ቢገድለው ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ገዳይ ይሸሻል ወይ ይታረቃል፣ ደም ይፈለጋል ወይ ይደርቃል። አንድ ነገር ይደረጋል። እጅ አሽቶ የገደለው ሰው ግን ደም የለውም። ገዳዩ ለቅሶ ይደርሳል። አያ ወልዱ ለቅሷችን ላይ ከሁሉም በላይ አለቀሱ፤ ሬሳውን ከሚሸከሙት አንዱ ሆኑ፤ አፈር በአካፋ መለሱ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። እኔ ቀኑ እንዳልደረሰ አውቅ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ ከበሩ መቀርቀሪያ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ደሙን የምመልሰው እኔ እንደሆንሁ አውቅ ነበር።

አርባ ቀን አሰብሁበት። መጀመሪያ የገብስ ክምራቸውን ላቃጥል አሰብሁ። ክብሪት ሰርቄ እስከ አውድማቸው ሄጃለሁ። ክምሩ ሥር ቆሜ አንዱን ጫርኩት። ከዚያ ይህ ለሚስታቸውና ለልጆቻቸው እንጂ ለእጃቸው እንደማይደርስ ገባኝ፤ ክብሪቱ ጣቴን አቃጥሎኝ ጠፋ። እኔ የምፈልገው እጃቸውን ነው። ያ እጅ ሰው ፊት እንዲዋረድ፣ ከእንግዲህ ማንም ሆዱን ገልጦ እንዳይሰጠው። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

የአርባ ቀን ተስካር ደረሰ። ፍየሎች ታረዱ። ያረዱት፣ ልማድ ነውና፣ እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ ከሚያጥቡት አንጀት ሁለት ክንድ ያህል ወሰድሁ። ውሃ ሞልቼ መሐሉ ላይ ጠመዘዝኩት፤ ጫፍና ጫፉን በሲባጎ አሰርኩት። መብራቱ በሶ ይይዝበት የነበረው ስልቻ ባዶውን ተሰቅሎ ነበር። እሱ ውስጥ ከትቼ፣ ውሃ ጨምሬ፣ አፉን ቋጠርሁ። ከላይ ሲነኩት የተነፋ ሆድ ይመስል ነበር።

ሰው በልቶ፣ ካህናቱም ተቀምጠው፣ ጠላው እየዞረ ነበር። አያ ወልዱ ከአባቴ አጠገብ ናቸው። ሄጄ ስልቻውን እግራቸው ሥር አስተኛሁት።

«አያ ወልዱ፣ በሽተኛ አምጥቼልዎታለሁ» አልኩ።

ሰው ፈገግ አለ። «ምን ሆነ ይላል በሽተኛህ?» አሉ እሳቸውም፤ የሟች ወንድም ነኝና ሊያጫውቱኝ ፈልገው ነው።

«አንጀቱ ታጥፏል። የእርስዎ እጅ ይመልሰዋል ብለዋል። እስቲ ይመልሱልኝ።»

«አንተ ኪሮስ!» አለ አባቴ።

«ተወው፣ ልጅ ነው» አሉ አያ ወልዱ። ትንሽ ሞቅ ብሏቸው ነበር። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንድ ዲያቆን «አያ፣ ቅቤ ይምጣ?» ብሎ ሰው አሳቀ። እሳቸውም የሳቀውን ሁሉ ለማስደሰት ይሁን፣ የእጃቸውን ስም ለመጠበቅ ይሁን፣ ጎንበስ ብለው ስልቻውን ያሹ ጀመር። በመዳፋቸው፤ ቀጥለው በአውራ ጣታቸው። ያውቁበት ነበር። እጃቸው እዚያው የለመደውን መንገድ ሲሄድ አየሁት። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ከሰው መሐል ማን ቀድሞ እንደገባው አላውቅም። «በክርንዎም» አልኳቸው። በክርናቸውም አሹት።

ስልቻውን ፈታሁና ገለበጥኩት። ጥምዝዙ አልተፈታም፤ እንዲያውም ጠብቋል። ከጥምዝዙ በላይ ያለው ተተርትሮ፣ ውስጡ የቀረው አረንጓዴ ቆሻሻ ከውሃው ጋር መሬቱ ላይ ፈሰሰ።

«መብራቱ ይህን ነው የሆነው» አልኩ። «እልል ያላችሁለት ጊዜ፣ አንጀቱ ፈንድቶ ነው ሕመሙ የተወው።»

እናቴ እንደ አዲስ ጮኸች። አባቴ ተነሥቶ በጥፊ መታኝ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም መትቶኝ አያውቅም። ካህኑ ጸሎት ጀመሩ። አያ ወልዱ ግን እጃቸውን ያዩ ነበር። ሁለቱንም ወደ ፊታቸው ዘርግተው፣ ገልበጥ መለስ እያደረጉ። ከዚያ ሳይታጠቡ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ። ጉንጬ እየነደደ፣ የፈሰሰው ቆሻሻ እግሬን እየነካ፣ ደስ አለኝ። መዋሸት አልፈልግም፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የፈለግሁት ሆነ። ሆዱን የታመመ ሁሉ እሳቸውን መጥራት ተወ። እጃቸውን የፈራ ቢላቸውንም ፈራ መሰለኝ፣ ለዓመት በዓልም የሚጠራቸው ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ሰሞን አንዲት የመንደራችን እናት ሆዷ ተነፋ። ባሏ ማንንም ሳያማክር በዚያው ሰዓት ቃሬዛ አሰረ። ሰቆጣ አስተኝተው ቀደዷት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በእግሯ መጣች። እናቴ ልትጠይቃት ሄዳ ስትመለስ መብራቱ የተኛበት መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አንድ ቀን፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያ ወልዱ መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔን ሲጠብቁ ነበር። ተነሡልኝ። ሽማግሌ ለልጅ ሲነሣ ያፍራል የሚነሣለት። ቆብ አውልቀው ያዙ።

«ኪሮስ፣ አንተ ተምረሃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ባላሸው ኖሮ ይድን ነበር?»

ሐኪም ቤት ሌላም የሰማሁት ነገር ነበር። ለማንም አልነገርኩም። አባቴ ግድግዳው ሥር ወድቆ ሳለ ያ ባለሙያ ለብቻዬ ወስዶ አስቀምጦኝ ነበር። የሚመልስለት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ይመስለኛል ለእኔ የነገረኝ። እንደዚህ የታጠፈ አንጀት ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል አለኝ። ማሸቱ ጎድቶታል፤ ሊሆን ይችላል አፍጥኖበታል። ግን ባይታሽም፣ እስከ ማክሰኞ ቤት ተኝቶ ቢቆይ ኖሮ አይድንም። ሊያድነው ይችል የነበረው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ እሑድ ማምጣት።

እሑድ። ቃሬዛ አላወጣም ያለው አባቴ ነው። መርፌ አይወድም ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸውን የተቀበለው ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። በኬላው የቀለድኩት እኔ ነኝ። ለአያ ወልዱ እውነቱን ብነግራቸው ከሸክማቸው እኩሌታውን አነሣላቸዋለሁ። የማነሣውን ግን የት ላስቀምጠው? አባቴ ከመብራቱ በኋላ ወገቡ ተሰብሯል። እናቴ እልልታ ስትሰማ፣ የሠርግም ቢሆን፣ ወደ ቤት ትገባለች። እሳቸውን ካልጠላሁ የምጠላው ሰው ቤቴ ውስጥ ነው።

«እኔ አላውቅም» አልኳቸው። «እርስዎ ያውቃሉ።»

ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ቆባቸውን አጠለቁና መንገዱን ይዘው ሄዱ። ከኋላ ሲታዩ በጣም አጭር ሆነዋል።

አሁን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ወንድሜን በሁለት ዓመት በለጥሁት፤ ታላቄ ታናሼ ሆነ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሰቆጣ እህል መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ቢኖር ኖሮ ይኸኔ ጋዋን ለብሶ ነበር። መንደራችንም እንደ ድሮው አይደለም። ስልክ አለ፤ አምቡላንስ እስከ ወንዙ ድረስ ይመጣል፤ በፋሲካ ማግስት ሆዱን የያዘ ሰው እንደ ድሮ ሲስቁበት አይውልም። ይህን ያመጣው ያ ተስካር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔን ያመሰግኑኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ ሰው ላድን አልነበረም ያሰብሁት።

አያ ወልዱ አርጅተዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አባቴና እሳቸው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም። ለበዓል በገባሁ ቁጥር በምርኩዛቸው እየተጎተቱ ቤታችን ይመጣሉ። ሰላም ብለውኝ ሲያበቁ አይቀመጡም፤ ሰላምታ ከሚፈልገው በላይ ፊቴ ይቆያሉ። አይጠይቁኝም፤ አንዴ ጠይቀዋል። ያኔ አላውቅም ስላቸው ልጅ ነበርሁ፤ የሰማሁትን በቅጡ አልተረዳሁም ማለት እችል ነበር። ዛሬ እችላለሁ ብል ውሸት ነው። ዘንድሮም ለፋሲካ እገባለሁ። እሳቸውም ይመጣሉ። ጤናቸውን እጠይቃለሁ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ እናወራለን። መልሱን ግን ይዤው እመለሳለሁ።